ለሊጡ ድረሱ

ነሐሴ ሲገባ የዳቦ ቤታችን ደንበኞች ጥያቄ ይለወጣል። በሌላው ወር «ትኩስ አለ?» የሚሉን ሰዎች የቡሄ ሰሞን «የቤት የሚመስል ድፎ አላችሁ?» ይላሉ። የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በእኛ ክረምት ስለሆነ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ለእረፍት የገቡ ወላጆችም በዚሁ ሰሞን ይመጣሉ። «እናቴ ትጋግረው የነበረውን ዓይነት ለልጆቼ ባቀምሳቸው» ይላሉ። የምተዳደረው ዳቦ ጋግሬ በመሸጥ ነው። ቢሆንም ለእነዚህ ሰዎች የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ያ ዳቦ ያለው ሰው ቤት ነው፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት ዘንድ ሂዱ፤ ስትሄዱም ለሚቆረስበት ሰዓት ሳይሆን ለሚቦካበት ሰዓት ድረሱ።

እንዲህ የምለው የዳቦ ቤትን ሥራ አቃልዬ አይደለም። ከተማ በየማለዳው ቁርስ ይፈልጋል። ሸገር ዳቦ ፋብሪካ በ2012 ዓ.ም. ሲመረቅ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮ ነበር፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ የቤት ምጣድ ብቻውን ሊመግበው አይችልም። እኛም የፉርኖ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ጨውንና የፋብሪካ እርሾውን ማቡኪያው ውስጥ እንጨምርና በእኩለ ሌሊት የተቦካው ሳይነጋ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የፋብሪካ እርሾ የተመረጠው ለዚሁ ፍጥነቱ ነው፤ ሊጡን ቶሎ ኩፍ ያደርጋል። ጣዕም ግን ኩፍ በማለት ብቻ አይመጣም። ካለፈው ሊጥ ተቀንሶ በተቀመጠ የቤት እርሾ ውስጥ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ። ያን ለስላሳ ኮምጣጣነትና ያን ሽታ የሚሰጡት፣ ዳቦውንም ሻጋታ ቶሎ እንዳይነካው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋሉ።

ለዚህ ነው የቡሄ ዋዜማ ከሥራ ስወጣ ሽቅብ የምሄደው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ ዳር በዘመድ ቤት ዕድሜዬን ሁሉ የማውቃቸው እናት አሉ። ነሐሴ 12 ማታ ልጆች ደጅ ችቦ ሲያበሩ፣ እሳቸው ጓዳ ውስጥ ቡሃቃቸው ላይ ጎንበስ ብለው ያቦካሉ። የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጠብ የምትል ዘይት። ቅቤም ወተትም የለበትም፤ ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነውና። ሊጡ ከእጃቸው ተላቆ የቡሃቃውን ግድግዳ እስኪለቅ ድረስ በጡጫቸው ያሹታል። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ይሸፍኑትና ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡታል። «እማማ፣ ሙቀቱ አጠገብ ቢሆን አይፈጥንም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እንዲፈጥን ማን ፈለገ? ቅዳሴ እስኪወጣ ጊዜ አለው» አሉኝ። በሙያችን ትምህርት ቤት ሊጥን በቀዝቃዛ ክፍል አዘግይቶ ማቡካት ከፍ ያለ ጥበብ ተብሎ ይሰጣል። እንጦጦ ላይ ይህን ጥበብ የክረምቱ ብርድ በነጻ ይሠራዋል።

ጠዋት ኮባው ይዘጋጃል። አብዛኛው የየካ ሰው ኮባውን ለበዓል የሚገዛው ከሾላ ገበያ፣ ከቄጤማው ጋር ነው። የቅጠሉ ወፍራም የጀርባ አጥንት በቢላ ይላጣል፤ ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል፤ ከዚያ ምጣዱ ላይ እየተደራረበ ይነጠፋል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይተርፋል። ሊጡ ይገለበጥበትና የተረፈው ጫፍ ይታጠፍበታል። ሌላ ኮባ ከላይ ይደፋበታል። ምጣዱ ይከደንና ከሥርም ከላይም ፍም ይደረግበታል። ቅጠሉ ዳቦው ከምጣዱ እንዳይጣበቅና እንዳያር ከመከልከል በላይ ሥራ አለው፤ የሊጡን እንፋሎት አምቆ ይይዛል። እኛ ዳቦ ቤት ውስጥ እንፋሎት ለማግኘት ማሽን እንገዛለን።

የእንፋሎቱ ነገር እንጦጦ ላይ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከ3000 ሜትር በሚያልፈው በእንጦጦ ራስ ላይ ግን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እሳቱ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ እርጥበት እስካለው ድረስ የዳቦው መሐል ከዚህ አያልፍም። ስለዚህ ወፍራም ድፎ እዚያ ላይ በኃይለኛ እሳት ቢቸኩሉበት ውጩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። መድኃኒቱ ለዘብ ያለ ፍም፣ በደንብ የተከደነ ምጣድና ከአንድ ሰዓት በላይ ትዕግሥት ነው። እማማ ይህን በዲግሪ አይናገሩትም፤ ክዳኑ ላይ መዳፋቸውን አስጠግተው ፍሙን ሲጨምሩና ሲቀንሱ ግን በትክክል እንደሚያውቁት ይታያል። መብሰሉን የሚያረጋግጡት ስንደዶ ሰክተው ነው፤ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በቃው። ከዚያ ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። ድምፁን ሰምተው ነው «እሰይ» የሚሉት።

የእሳቱም ነገር የዚህ ተራራ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ተራራው የመናገሻ ከተማ ነበር፤ ጥዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ነው እጥረቱ የመጣው። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን መልሶ አለበሰው፤ ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ምድጃ ብዙ ዘመን የነደደው በእሱ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ለእንጀራ ምጣድ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነበልባል ነው። ድፎ ግን የሚፈልገው ግንዱን፣ ያውም ነዶ ፍም የሆነውን ነው። ያንን ቅጠልና እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ከየካም ከጉለሌም አቀበት ጎብጠው ሲወርዱ ያላየ የከተማው ሰው ጥቂት ነው። የቤት ዳቦ ስናወድስ የእነሱን ድካም ጨምረን ማመስገን ይገባናል።

ዳቦው ሲወጣ ወዲያው አይቆረስም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ውስጡ ያለው እርጥበት እስኪከፋፈል ቢላ ቢነካው ይፈረካከሳል። በዚያ ጊዜ ቡናው ይቆላል። ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ሲመለሱ አባወራው ወይም የነፍስ አባቱ አመስግኖ፣ ባርኮ ይቆርሳል። ከኮባው የተላቀቀው ቅርፊት ላይ የቅጠሉ መስመሮች ታትመው ይታያሉ፤ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል፤ ጥቁር አዝሙዱ ጥርስ ሥር ሲገባ ይጣፍጣል። ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ደጅ ሲደርሱ ደግሞ ለእነሱ የተጋገረው ሙልሙል ይሰጣቸዋል። አሁን አሁን በብዙ ቤት ሙልሙሉን ብር ተክቶታል። ብሩን አልነቅፍም፤ ግን አንድ ሙልሙል ጨምሩበት። የደብረ ታቦር ትውፊት ራሱ፣ ብርሃኑ ቀን መስሏቸው ዱር ለቆዩ እረኞች ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው እንደወጡ ነው የሚተርከው። ልጁ የሚያስታውሰው በእጁ የሞቀውን ነው።

ወደ እንጦጦ ለእረፍት የምትወጡ ብዙ ናችሁ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ አለ፤ የካ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ በፍልሰታ ሱባዔ ለመያዝ ወደ ኪዳነ ምሕረት የምትወጡም አላችሁ። ይህን ሁሉ እዩ፣ ተሳለሙ። ከዚያ ግን አንድ ምሽት ለሊጡ ስጡ። ዋዜማውን ድረሱ፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ዱቄትና ቡና ያዙ፤ ልጆቻችሁ እጃቸውን ታጥበው ያሹ፣ ያቡኩ፣ ይጠብቁ። ለእንግዳ ብላ የምትጋግር ሴት ዋጋ ብትነግራችሁ አትከራከሩ፤ የሌሊቷን፣ የፍሟንና የዕውቀቷን ዋጋ ነው የጠየቀቻችሁ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም «ቦታ የለንም» አትበሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ኮባ ይነጠፋል፤ ከላይ ፍም ስለሌለው ዳቦው ሥሩ ሲጸና በሌላ ኮባ ላይ ገልብጦ ሁለተኛውን ገጽ ማብሰል ነው። ጭስ የለው፣ ጎረቤት አያስቸግር። የሚያሳስበኝ ምጣዱ አይደለም፤ እርሾው ነው። ድሮ አንዷ እርሾ ሲጠፋባት ከጎረቤት ትዋሳለች፤ ስለዚህ የመንደር እርሾ አይሞትም ነበር። ዛሬ የምትዋሰው ሳይሆን ፓኬት የምትገዛው በዝታለች፤ ከዘመን የተላለፈ እርሾ ደግሞ አንዴ ከጠፋ ከሱቅ አይገኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ የቤት ዳቦ በልታችሁ ስትነሡ «ከእርሾዎ ይቆንጥሩልኝ» በሉ። በንጹሕ ብልቃጥ ያዙት፤ ቤት ስትገቡ ዱቄትና ውሃ መግቡት፤ በየሳምንቱ አድሱት። ጎረቤት ሲጠይቃችሁ ስጡ።