የጣሪያ ሥዕላትን በ«ዓሣ ዐይን» ሌንስ ስለ መመዝገብ

የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በሚታደስበት ጊዜ ሥዕሉ ቢጎዳ፣ አስቀድሞ የተነሣ ፎቶግራፍ ከሌለ የቀድሞ መልኩን ማረጋገጥ ይቸግራል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ከእድሳት በፊት ሥዕላቱን በምስል እንዲመዘግቡ እንመክራለን። እንደ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ በመላእክት ገጽ የተሞላን ጣሪያ ግን ተራ ሌንስ በአንድ ጊዜ አይዘልቀውም። «ዓሣ ዐይን» የሚባለው ሌንስ እስከ 180 ዲግሪ ስለሚያይ ይህን ለማድረግ ይችላል።

ርቀቱ በእጅ የሚስተካከለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ለማይንቀሳቀስ ሥዕልም ይበቃል። ሲገዛ መግጠሚያው ከካሜራው ጋር መስማማቱ ይረጋገጥ። ካሜራው ሌንሱን ካላወቀው፣ ሌንስ ባይገጠምም እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ማዘዣ መክፈት ያስፈልጋል። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ የብርሃን መግቢያው 8 ቁጥር ላይ፣ ርቀቱም 1 ሜትር ላይ ቢደረግ፣ ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ካሜራው ወደ ላይ ዞሮ በማቆሚያ ይጽና፤ ፍላሽ አይብራ፤ አንሺውም በምስሉ እንዳይገባ ከሌንሱ በታች ዝቅ ይበል።

ይሁን እንጂ ሌንሱ በምስሉ መካከል ከሚያልፉት በቀር ቀጥታ መስመሮችን ያጎብጣል። ስለሆነም የስንጥቅን ርዝመት ወይም የግድግዳን ማዘንበል በዚህ ምስል መለካት አይገባም፤ የተጎዳው ክፍል በተራ ሌንስ፣ መለኪያ አብሮት ሆኖ፣ ለብቻው ይነሣ። ሥራው በአባቶች ፈቃድ ተጀምሮ የምስሉ ቅጂ በሁለት ስፍራ እንዲቀመጥ እናሳስባለን።