ጭልፊት ወደ ደቡብ ሲበርር

ቀና ብለው ሰማዩን በትዕግሥት የተመለከቱት መቼ ነው? የቤት ሥራው፣ የልጆች ትምህርት፣ የእንግዳው ብዛት ጊዜ አልሰጥ ብሎዎት ይሆናል። እኔም ሽንሌ እስክመጣ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ሽንሌ ከድሬዳዋ በስተሰሜን የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ከድሬዳዋ ጀርባ የደንገጎ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ፀሐይ ሜዳውን ስታግለው ሞቃት አየር ይነሣል፤ ነፋሱም ከተራራው ጋር ተጋጭቶ ሽቅብ ይወጣል። ንስርና ጭልፊት ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍ የሚሉት በዚህ አየር ነው። ስለዚህ ሊያዩዋቸው ከፈለጉ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት አይድከሙ።

በጥቅምት ወር ደግሞ እንግዶች ይጨመራሉ። ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ናቸው። በባሕር ላይ የሚያነሣቸው ሞቃት አየር ስለሌለ ጠባብ መሻገሪያ ይመርጣሉ። ይህም በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባብ ኤል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጅቡቲ ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ታይተዋል። ከጅቡቲ ቀጥሎ ያለው ደጅ የእኛ ነው።

ትንንሾቹ ዘማሪ ወፎች ግን በአብዛኛው የሚጓዙት በሌሊት ነው፤ ቀን በተራራው ዛፎች ውስጥ ትል ይለቅማሉ። አንድ ቀን ደንገጎ ላይ ታናሹ ልጄ በወንጭፍ የመታትን ወፍ በመዳፉ ይዞልኝ መጣ። ስቆጣው፣ «እማዬ፣ ወፍ እኮ ናት!» አለኝ። ማታ የወፍ መጽሐፍ ገልጠን አየናት። ክብደቷ 10 ግራም እንኳ የማይሞላ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ድረስ የምትመጣ ወፍ ነበረች። ልጄ ዝም አለ። ወንጭፉን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ጥንብ አንሳንም አንናቀው። ፊቱ ቢጫ፣ ላባው ነጭ የሆነው የግብፅ ጥንብ አንሳ ከቡልጋሪያ ሳይቀር ይመጣል። በአፋርና በድሬዳዋ አካባቢ በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ተሰብስቦ ያድራል፤ አንዳንዱም በዚያው በኤሌክትሪክ ይሞታል። ለጅብ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝም ይጨርሰዋል። ጎረቤቴ፣ «ኤዶ» የምላቸው ሶማሌ እናት፣ «እነሱ ባይኖሩ የሞተ ከብት ማን ያነሣልን ነበር?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በሕንድ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸውን ከብቶች ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች አለቁ፤ ጥንቡን የሚበሉ ውሾችም በዙ። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ልጆቻችን ከወንጭፍ ይልቅ ደብተርና እርሳስ ይዘው ይውጡ፤ ያዩትን ወፍ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ። አቅራቢ መነጽር ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘም ዓይን ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከብት ያለን ሰዎች በሬሳ ላይ መርዝ አናድርግ።

በኢዮብ መጽሐፍ ምዕራፍ 39 ላይ እግዚአብሔር ኢዮብን ጭልፊት ክንፉን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው በእርሱ ጥበብ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ይህን ክፍል በኮሌጅ ለፈተና አጥንቼው ነበር። የገባኝ ግን በጥቅምት አንድ ረፋድ፣ ከልጄ ጋር በሽንሌ ሜዳ ቆሜ ሰማዩን ስመለከት ነው። ልጄ እየቆጠረ ነበር፤ 43 ላይ ሲደርስ ተምታታበትና ሳቀ። እርስዎም በመጪው ጥቅምት ልጅዎን ይዘው ይውጡ።