ያውቁ ኖሯል? አማቾቹን ያስደነገጠው እንግዳ

• እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው «ጌስ ሁስ ካሚንግ ቱ ዲነር» የተሰኘው አስቂኝ ፊልም፣ ከነጭ እጮኛው ወላጆች ጋር ሊተዋወቅ ስለሄደ ጥቁር ሐኪም ይተርካል። ሐኪሙን የተጫወተው ሲድኒ ፖይቲየር ነው። ጋብቻውን ከሚቃወሙት አንዱ የሐኪሙ የራሱ አባት፣ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ናቸው።

• የልጅቱን አባት የተጫወተው ስፔንሰር ትሬሲ በጠና ታሞ ስለነበርና ቀረጻውን ሳይጨርስ እንዳይቀር ስለተሰጋ፣ ተዋናይቷ ካትሪን ሄፕበርንና ዳይሬክተሩ ስታንሊ ክሬመር የራሳቸውን ክፍያ መያዣ አደረጉለት። ትሬሲ ቀረጻው ባለቀ በ17ኛው ቀን፣ ጁን 10፣ አረፈ።

• ትሬሲ ካረፈ ከሁለት ቀን በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ16 ግዛቶች ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን ሕጎች ሻረ።

• ሄፕበርን በዚህ ፊልም ኦስካር ብትሸለምም፣ የወዳጇ የትሬሲ ሐዘን ስለጸናባት ፊልሙን አይታው አታውቅም።