የልጆቹ ፊት ለምን ጠቆረ? (ስለ ኤች ዲ አር ፎቶግራፍ)

በማስተማር ልምምዳችን ወቅት ለሪፖርት የሚሆን ፎቶግራፍ በስልክ አንስተን ነበር። ልጆቹ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ውጪው የቀትር ፀሐይ ነው። ፎቶውን ስናየው መስኮቱ ነጭ ወረቀት፣ የልጆቹ ፊት ደግሞ ከሰል ሆኗል። ማን ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ታዲያ እኛ ክፍሉ ውስጥ ቆመን ሁሉንም በደንብ እናይ አልነበረም እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናችን ከብርሃን ወደ ጥላ ሲዞር ብሌኑ ይሰፋል፣ ወደ ብርሃን ሲመለስ ይጠባል፤ አእምሮም ያየውን ሁሉ አንድ ላይ ያቀናጃል። ካሜራ ግን ለአንድ ፎቶ አንድ የብርሃን መጠን ብቻ ነው የሚመርጠው። አመራረጡም ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት በመሞከር ስለሆነ፣ መስኮቱ ሲያበራበት «በዛ» ብሎ ይቀንሳል። የቅነሳው ዕዳ የሚያርፈው ታዲያ በልጆቹ ፊት ላይ ነው።

የብርሃን ልዩነት የሚለካው በ«ስቶፕ» ነው፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። ጥሩ የሚባል የዛሬ ካሜራ 14 ስቶፕ ያህል ይይዛል፤ ይኸውም 14 ሁለቶችን ስናባዛ 16,384 ይሆናል። የስልክ ካሜራ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። የተለመደው የጄፔግ ፎቶ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ለሰማዩ አንድ፣ ለባሕሩ ሌላ ነጌቲቭ አንስቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ፖል ደቤቬክና ጂተንድራ ማሊክ በተለያየ መጠን ከተነሡ ፎቶዎች የቦታውን ብርሃን መልሶ ማስላት የሚቻልበትን ዘዴ አሳተሙ። ፎቶሾፕም እ.ኤ.አ. በ2005 ፎቶዎችን የማዋሐጃ መሣሪያ ጨመረ።

እኛም ሞከርነው። ስልኩን በመጽሐፍ አስደግፈን ዴስክ ላይ አቆምንና ሦስት ጊዜ አነሣን፦ በ1/500፣ በ1/125 እና በ1/30 ሰከንድ። በእያንዳንዱ መካከል 2 ስቶፕ፣ ማለት አራት እጥፍ ያህል ልዩነት አለ። የመጀመሪያው መስኮቱን፣ የመጨረሻው ፊቶቹን ያዘልን። «አትነቃነቁ!» ብለናል፤ አንዱ ግን ስለዞረ ሲዋሐድ ባለ ሁለት ራስ ሆኖ ወጣ። ደግመን አነሣን።

ከተዋሐደ በኋላ ያ ሁሉ ልዩነት ስክሪን ላይ እንዲታይ መጨመቅ አለበት፤ ይህ «ቶን ማፒንግ» ይባላል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቦታ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ጥላውን ያነሣል፣ ብርሃኑን ያወርዳል፣ ጥቃቅኑን መስመር ያጎላል። ደመናው የሚያስፈራ፣ ግድግዳው የሚዳሰስ የሚመስለው በዚህ ነው። እኛማ ደስ ብሎን ማስተካከያውን ሁሉ እስከ ጫፍ ገፋነው። ጠርዝ ላይ ፕሮግራሙ የብርሃኑንና የጥላውን ድንበር ስለሚያምታታ በየልጁ ራስ ዙሪያ ልክ በቅዱሳን ሥዕል ላይ እንዳለው አክሊል ነጭ ቀለበት ወጣ። ቆዳቸውም ዝገት መሰለ። ለልጆቹ ስናሳያቸው አንዷ «እንዴ፣ ይቺ አሮጊት ማናት?» አለች። የራሷ ፎቶ ነበር። ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

እኛ እንደምናስበው ይህ ኃይለኛ አሠራር ለድንጋይ ነው የሚስማማው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከዓለቱ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ ስለሆነ አናቱ ፀሐይ፣ ዙሪያው ጥላ በሚሆንበት ሰዓት የመሮ ምልክቱን ሁሉ ያወጣዋል። ፊት ላይ ግን ጥላውን በመጠኑ ማንሣት፣ ብርሃኑን በመጠኑ ማውረድ፣ መስመር ማጉያውን እንዲያው ባይነኩት ይሻላል። ሦስት ፎቶ ማንሣት ካልተቻለም አንዱን ጥላ ብቻ ማንሣት ይቻላል፤ ሲበዛ ግን ጥላው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ማስተካከያውን ወደ መጀመሪያው መልሰን እንደገና ሠራነው። ሪፖርቱ ላይ ባለው ፎቶ መስኮቱ አሁንም ነጣ ብሏል፤ ልጅቷ ግን ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ራሷን አግኝታለች።