ሕንፃው ስንት ይቆጥራል?

ካዛንቺስ ቢሮ የሚከራይ ሰው ሊፍቱንና ጀነሬተሩን ያያል፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠይቃል፣ ከዚያ በካሬ ዋጋ ይከራከራል። ሕንፃው በወር ስንት እንደሚቆጥር የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። በሌሎች አገሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰነድ አለ፤ የሕንፃ የኃይል አጠቃቀም ምስክር ወረቀት።

ስሌቱ አያስቸግርም። የሕንፃው የ12 ወር ፍጆታ ይደመርና ለወለሉ ስፋት ይካፈላል። 2,000 ካሬ ሜትር ሕንፃ በዓመት 200,000 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጠረ፣ በካሬ 100 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሰዋል። ይህ ቁጥር ከአቻ ሕንፃዎች ጋር ተመዛዝኖ ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይወጣለታል፤ ኤ ቆጣቢው፣ ጂ አባካኙ ነው። ቆጣሪ ሳይነበብ ከግድግዳው፣ ከመስኮቱና ከማቀዝቀዣው ዓይነት ተሰልቶ የሚሰጥም አለ። በስሌት ያማረ ሕንፃ መብራቱ ሲበራ እያደረ በቆጣሪ ሊጋለጥ ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮቹ ይህን ወረቀት እንዲያወጡ ያዘዘው በ1995 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከመጋቢት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢ በታች የሆነ የንግድ ሕንፃ፣ ለይቶ ካልተፈቀደለት በቀር፣ አይከራይም። ደቡብ አፍሪካ በ2013 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ከ1,000 ካሬ በላይ የሆኑ የመንግሥት፣ ከ2,000 ካሬ በላይ የሆኑ የግል ቢሮዎች ወረቀቱን መግቢያቸው ላይ እንዲለጥፉ አዛለች።

እኛ ጋ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን የመንግሥት ሥራ አድርጎታል። አከራይ ለተከራይ የሚያሳየው የደረጃ ወረቀት ግን የለም። «መብራታችን ከውኃ ነው፣ ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚነደው ናፍጣ ነው።

የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ አየሯ ራሱ የሚያቀዘቅዝ ከተማ ናት። ቢሮን የሚያግለው አብዛኛውን ጊዜ አሠራሩ ነው። እዚህ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን በሰሜንና በደቡብ ያለ መስኮት አጭር ክዳን ይበቃዋል። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣውን የምዕራብ ፀሐይ ግን ክዳን አይመልሳትም። ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ፎቅ በዘጠኝ ሰዓት መጋረጃው ተዘግቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ኤሲው ሲያጓራ ይገኛል። ብርሃን ይገባበታል ተብሎ የተገዛው መስታወት ሦስት ወጪ አመጣ ማለት ነው።

ያለውን ሕንፃ ማሻሻል እንደሚቻል ካዛንቺስ ባለበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ምሳሌ አለ። አርቱሮ መዘዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ አልቆ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ነጠላ የነበረው የፊት ለፊት መስታወት ሙቀትን በሚገታ ድርብ መስታወት ተተክቶ ነበር። የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት እንደ ክብሩ ተጠብቋል፤ ቅርስ መሆን ከመታደስ አላገደውም።

ችግሩ ያለው መስታወቱን የሚመርጠው አከራዩ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ተከራዩ መሆኑ ላይ ነው። አከራዩ ድርብ መስታወት ቢያስገባ ወጪው የእሱ፣ ትርፉ የሌላ ሰው ነው። ደረጃው ውል ከመፈረሙ በፊት ከታየ ግን ቆጣቢ ሕንፃ በኪራይ ዋጋው ላይ መከራከሪያ ያገኛል።

ወረቀቱን ለማስገባት አዲስ በር መክፈት አያስፈልግም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠራ ሕንፃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲያወጣ አዝዟል። የስሌቱ ደረጃ እዚያ ሊጠየቅ፣ ከዓመት በኋላ በቆጣሪ ሊረጋገጥ ይችላል። መጀመር ያለበት ደግሞ ከመንግሥት ቢሮዎች ነው፤ የራሱን ሂሳብ ያልለጠፈ፣ የሌላውን ለመጠየቅ አፍ የለውም።