የቃል ቤት

የዛሬው ጨዋታችን ታሪክን በቃል ስለሚጠብቁ ሰዎች ነው።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ አገር፣ ካንጋባ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1653 የተሠራ ክብ ጎጆ ይገኛል። ስሙ ካማብሎን ነው፤ የቃል ቤት ማለት ነው። ክዳኑ ሣር ነውና ያረጃል። ስለዚህ የማሊንኬ ሕዝብ በየ7 ዓመቱ ተሰብስቦ አዲስ ሣር ይከድንበታል። የሚከድኑት የ20 እና የ21 ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ ሽማግሌዎች ቆመው ያሳያሉ።

ታዲያ ጎጆ መክደን ብቻ እንዳይመስላችሁ! በዚያው በዓል ጄሊ የሚባሉት ታሪክ አዋቂዎች የቀድሞ አባቶችን ታሪክ ያወሳሉ። ጄሊነት በዘር የሚወረስ ሙያ ነው። ልጅ ከአባቱ ሥር ቁጭ ብሎ ለብዙ ዓመት ያጠናል። የንጉሥ ሱንዲያታ ታሪክ ከ700 ዓመት በላይ የቆየው እንዲህ ነው።

ግን ልጁ ሳይማር ቢቀርስ? ሽማግሌው ሲሞት ታሪኩም አብሮት ይቀበራል። የጊኒው ተወላጅ ጂብሪል ታምሲር ኒያኔ ከአንድ ጄሊ የሰማውን የሱንዲያታን ታሪክ በ1960 በመጽሐፍ አወጣው። የነጋሪውንም ስም አልደበቀም፤ ማማዱ ኩያቴ ብሎ ጽፎታል። ደግ አደረገ።

እናንተም አሁን ፊደል ለይታችኋል። አያታችሁ የነገሯችሁን አንድ ተረት ዛሬ ማታ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ የነገራችሁንም ሰው ስም ከላይ አስፍሩ።