ስለ ደከመ የኋላ ባሌስትራ
ከአምቦ፥ ከጉደርና ከጌዶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ዘርና ማዳበሪያ የሚያመላልስ ፒክአፕ፥ ባሌስትራው ማለት ተደራርቦ የታሰረው የኋላ ብረት ከጊዜ ብዛት ጉብጠቱን ያጣል። ይህን ለማወቅ መኪናው ባዶውን በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፥ ከጎማው እምብርት እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ በግራም በቀኝም ይለካል። አንዱ ወገን ዝቅ ካለ ወይም አንዱ ብረት ከተሰነጠቀ፥ ሁለቱም ወገን በአንድነት ይለወጥ፤ በደከመው ላይ አንድ ብረት መጨመር ርካሽ ቢመስልም አሮጌውን አያድስም።

ብርቱ ባሌስትራም መኪናውን ቀና ያደርገዋል እንጂ ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ለመጫን ፈቃድ አይሆንም፤ አክስሉ፥ ጎማውና ፍሬኑ የቀድሞዎቹ ናቸውና። በአንዳንዱ ፒክአፕ የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ የሚመጥን መሣሪያ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል፤ የኋላው ከፍ ሲል መኪናው ባዶ እንደ ሆነ ቈጥሮ ፍሬኑን ያሳንሳል። ከጌዶ ወደ ጉደር ለሚወርድ ባለ ጭነት ይህ አደጋ ነውና መሣሪያው አብሮ ይስተካከል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደም በኋላ ማሰሪያ ብሎኖቹ እንደ ገና ይጥበቁ።